ልጃቸውን ሲያስታምሙ ያነሱት መርፌ፦ የግራንድማ ሞዘስ ጉዳይ

ስለ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ስለ ግራንድማ ሞዘስ የሚወራው ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። «ሰማንያ ሊሞላቸው ሲሉ ብሩሽ አንስተው ዓለም አወቃቸው» ይባላል። ጡረታ ለወጣ ሰው ማበረታቻ የሚሆን ደስ የሚል ወሬ ነው። ሲያጥር ግን ዋናው ነገር ይቀርበታል። እኚህ ሴት ወደ ሥዕል የገቡት ልጅ አሳድገው፣ ሰው ጦረው፣ ሁሉን ጨርሰው እጃቸው ሲፈታ አልነበረም። ባላቸውን ቀብረው፣ የታመመች ልጃቸውን እያስታመሙ፣ ከዚያም እናታቸው የሞተችባቸውን የልጅ ልጆች እያሳደጉ ነው።

ጉዳዩን የመረጥኩት ለዚህ ነው። በየቤታችን ያለ ጥያቄ ስለሆነ። እናቷን የምታስታምም የስልሳ ዓመት ሴት አለች። ባለቤቱን ቀብሮ የልጅ ልጅ የሚይዝ አባት አለ። አንዷ ጥልፍ ትወድ ነበር፤ አንዱ ክራር ይመታ ነበር፤ ሌላዋ ግጥም ትሞክር ነበር። አንድ ቀን ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ፤ «ተይው፣ አሁን የሱ ጊዜ አይደለም።» እኔ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ያሳዝነኛል። የወይዘሮ ሞዘስ ሕይወት ደግሞ ለዚህ ንግግር ጥሩ መልስ አለው። መልሱ ቀላል አይደለም፣ ለሁሉም ሰውም አይሠራም። ግን ከሥር ከመሠረቱ መታየት ያለበት ነው።

ከመርፌው በፊት

በኋላ ግራንድማ ሞዘስ የተባሉት አና ሜሪ ሮበርትሰን የተወለዱት በ1860 በኒውዮርክ ግዛት፣ ግሪኒች በሚባል የገጠር አካባቢ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከአሥር ልጆች ሦስተኛዋ ናቸው። አባታቸው ገበሬ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሲሥሉ ማየት ስለሚወዱ ነጭ ወረቀት ይገዙላቸው ነበር። ቀለም ሲጠፋ አና ሜሪ የወይንና የእንጆሪ ጭማቂ ይቀቡ ነበር።

ያ ልጅነት አጭር ነበር። በ12 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው ሰው ቤት ተቀጠሩ። ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ የሰው ቤት ማስተዳደር፤ ለ15 ዓመት ያህል ኑሯቸው ይኸው ሆነ። በ1887፣ በ27 ዓመታቸው፣ እንደሳቸው እርሻ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩትን ቶማስ ሞዘስን አገቡ። ባልና ሚስቱ ወደ ደቡብ ወርደው በቨርጂንያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ አረሱ። ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ እዚያ ኖሩ። ወይዘሮ ሞዘስ ቅቤ እየናጡ፣ ስስ የድንች ጥብስ እየሠሩ ይሸጡና ቤቱን ይደጉሙ ነበር። አሥር ልጅ ወለዱ። አምስቱ በጨቅላነታቸው ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። አምስት ትንንሽ መቃብር ማለት ነው። በ1905 ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ተመልሶ ኢግል ብሪጅ በምትባል የኒውዮርክ መንደር እርሻ ሲይዝ፣ እናትየዋ እነዚያን መቃብሮች ትተው ነው የሄዱት። በኋላ ዝነኛ ሲሆኑ ጋዜጦች በብዛት የጻፉት ስለ ጨዋታቸውና ስለ ማርማላታቸው ነው። ይህን ሀዘን ሳያውቁ ሥዕሎቻቸውን ማየት ግን ግማሹን ብቻ ማየት ነው ባይ ነኝ።

አዲሱን እርሻ ናባው ተራራ ብለው ሰየሙት። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር አሻግሮ አይቶ የሞተበት ተራራ ነው፤ የቤተሰቡም ስም ሞዘስ፣ ማለትም ሙሴ ነው። አባወራው ቶማስም የሞቱት እዚሁ እርሻ ላይ ነው።

በነዚህ ዓመታት ሥዕል ከቤቱ ጨርሶ ጠፍቶ አልነበረም። በ1918 ሳሎኑን በግድግዳ ወረቀት ሲለብጡ ወረቀቱ አለቀባቸው። የምድጃው መክደኛ ሰሌዳ ባዶውን ከሚቀር ብለው ዛፍና ውኃ ሣሉበት። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ለዘመድ ስጦታ የሚሆን ነገር ይሠሩ ነበር። ከብት፣ ዶሮ፣ አጨዳ፣ ልጅ፣ እንግዳ ባለበት ቤት ከዚህ በላይ ፋታ አልነበረም።

ቤኒንግተን

ቶማስ በ1927 በጥር ወር ሞቱ። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ትዳር ነበር። ወይዘሮ ሞዘስ ያን ጊዜ 66 ዓመታቸው ነው። እርሻውን ከወንድ ልጃቸው ጋር ሆነው ቀጠሉ።

በ1932 ሁለተኛው ጥሪ መጣ። ከግዛቱ ወሰን ማዶ፣ ቨርሞንት ውስጥ ቤኒንግተን በምትባል ከተማ የምትኖረው ልጃቸው በሳንባ ነቀርሳ ታመመች። እናት ጓዛቸውን ይዘው ሊያስታምሙ ሄዱ። 72 ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ወይም ሞልቷቸዋል።

ያኔ የሳንባ ነቀርሳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሽታውን የሚገድል የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የተገኘው በ1943 ነው። በ1932 ለበሽተኛ የሚታዘዘው ዕረፍት፣ ጥሩ ምግብና ንጹሕ አየር ነበር። ዋናውን ሥራ የሚሠራው አስታማሚው ነው። ማብላት፣ ማጠብ፣ አንሶላ መቀየር፣ መስኮት መክፈት፣ ሳል ማዳመጥ። ከዚያ ደግሞ መጠበቅ። ሰው ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያደክመው ሥራው ብቻ አይደለም። ከሥራው ጋር የሚፈራረቀው ባዶ ሰዓት ነው። በሽተኛው ሸለብ ያደርገዋል፤ አንተ መውጣት አትችልም፤ መተኛትም አትችልም። እጅህ ሲቦዝን ሐሳብህ ወደማትፈልገው ቦታ ይሄዳል።

በዚህ መሀል ነው ልጅየዋ እናቷን አንድ ነገር የጠየቀችው። በክር የተጠለፈ ሥዕል አሳየቻቸውና እንዲህ ያለ እንዲሠሩ ፈለገች። እናትም መርፌና የሱፍ ክር አንስተው ጀመሩ። ሜዳ፣ ቤት፣ ድልድይ፣ ዛፍ በክር መጥለፍ ያዙ። ያለቀውን ለወደደው ሰው ይሰጡ ነበር። የኋለኛው ዝና ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው። ያስጀመረችውም በሽተኛዋ ራሷ ነች።

ይህን ነጥብ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ብዙ አስታማሚዎች የራሳቸውን ነገር ሲይዙ ከታመመው ሰው የሰረቁ ይመስላቸዋል። «እሷ አልጋ ላይ ሆና እኔ ጥልፍ ልጥለፍ?» ይላሉ። ጎረቤትም ያያል፤ ዘመድም ይናገራል። እዚህ ቤት ግን ጥልፉ የበሽተኛዋና የአስታማሚዋ የጋራ ጉዳይ ነበር። አልጋ ላይ ያለ ሰው ከመድኃኒቱና ከትኩሳቱ ሌላ የሚያወራው፣ የሚጠብቀው፣ «እዚህ ጋ ቀዩን አድርጊው» የሚልበት ነገር ይሻል። ሁልጊዜ ተቀባይ መሆን ይከብዳል። አንዳንዴ ለበሽተኛ የሚሰጠው ትልቁ ነገር እሱም የሚጠይቀውና የሚያዘው ነገር እንዲኖር ማድረግ ነው።

ልጅየዋ ሞተች። ሁለት ሴት ልጆች ትታ ነው የሞተችው። አያት ወደ እርሻቸው አልተመለሱም። የልጆቹ አባት ሌላ ሚስት እስኪያገባ ድረስ ልጆቹን እዚያው ሆነው አሳደጉ። እንግዲህ አስቡት። ልጅ ቀብሮ በማግሥቱ ለልጆቿ ቁርስ መሥራት። ትምህርት ቤት መላክ፣ ጸጉር መሥራት፣ ማታ ሲያለቅሱ ማባበል። የራስን ለቅሶ የሚያለቅሱበት ሰዓት የለም። መርፌው በዚህ ጊዜም አልተቀመጠም።

መርፌው ለምን ሠራ

የኔ ንባብ ይህ ነው። ብዙ ነገር የተገጣጠመላቸው ሥራው ለሚቋረጥ ሕይወት የሚሆን ስለነበር ነው። ጥልፍ በማንኛውም ደቂቃ ይቀመጣል። በሽተኛ ሲጣራ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተህ ትነሳለህ፤ ስትመለስ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። የሚደርቅ ቀለም የለም፤ የሚያርር ነገር የለም። ቦታውም አልጋው አጠገብ ነው። ለብቻ ክፍል፣ ለብቻ ሰዓት፣ ለብቻ ዝምታ አይጠይቅም።

ይህን የምለው ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ነው። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ካገኘሁ እጽፋለሁ» የምትል አስታማሚ ሁለት ሰዓት ሙሉ አታገኝም። ዓመቱ ያልቃል። አሥር ደቂቃ የሚበቃውን ነገር የመረጠች ግን ትሠራለች። ምርጫው የትኛውን ሥራ እንወዳለን ብቻ አይደለም፤ የትኛው ሥራ መቋረጥን ይችላል የሚለውም ነው። የኛ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ፈትል እንዝርቱን አስቀምጠህ የምትነሳበት ሥራ ነው። ስፌትም እንዲሁ። መሶብ የምትሰፋ ሴት ቡና እያፈላች፣ እንግዳ እያነጋገረች፣ ልጅ እየተቆጣች ትሰፋለች፤ መሶቡም በወራት ውስጥ ያልቃል።

ሁለተኛው ነገር ስጦታ መሆኑ ነው። የጠለፉትን ይሰጡ ነበር። ሀዘን ላይ ያለ ሰው ለራሱ ደስታ ሲል አንድ ነገር ማድረግ ይከብደዋል፤ እንደ ክህደት ይሰማዋል። ለሌላ ሰው ሲሠራ ግን እጁ ይፈታል። «ለእገሊት ልጅ ልደት ነው» ሲል ያ ክብደት ይቀልለታል።

ስለ ሀዘን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር የመጀመሪያዎቹን ቀኖች የምንይዝበት መንገድ ትልቅ ሀብት ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይመጣል፤ ጎረቤት ያድራል፤ ሠልስት ይወጣል፤ አርባ ይደርሳል። ሀዘንተኛ ብቻውን አይተውም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ወደ ሥራው ተመልሶ፣ ከሰዓት በኋላው ረዥም ሲሆን። በውጭ አገር ላሉት ደግሞ ይህ ባዶ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ይጀምራል፤ ሰው ሺፍት አለበት። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ወግ የለንም። የእጅ ሥራ፣ የመዝሙር ልምምድ፣ አትክልት፣ ጽሑፍ የሚገባው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ለቅሶን አይተካም። ለቅሶው ካለቀ በኋላ ያለውን ቀን ግን ይይዛል።

እጅ እምቢ ሲል

ወይዘሮ ሞዘስ ወደ ኢግል ብሪጅ ሲመለሱ ሰባዎቹን አጋምሰዋል። የቁርጥማት ሕመም ጣቶቻቸውን ያዘ። መርፌ መያዝ አቃታቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ ዕድሜዬ ነው» ብሎ ይተዋል። እህታቸው ግን መቀባት ከመጥለፍ ይቀላል፣ ብሩሽ ይሞክሩ አለቻቸው። ሞከሩ። ቀኝ እጃቸው ሲያማቸው በግራ ይቀቡ ነበር።

ቁሳቁሱ የቤት ነው። የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ይቆርጡና ሦስት ጊዜ ነጭ ቀለም ይቀቡታል። በዚያ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። መጀመሪያ ሰማዩ፣ ከዚያ ተራራው፣ ከዚያ ኮረብታው፣ ዛፉ፣ ቤቱ፣ ከብቱ፣ መጨረሻ ላይ ሰዎቹ። የሚቀቡት በአሮጌ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያንን ጠረጴዛ ዛሬ የቤኒንግተን ሙዚየም ይዞታል። ከሳቸው ሥዕሎች ትልቁን የሕዝብ ስብስብ የያዘውም ይኸው ሙዚየም ነው።

የሚሥሉት ትዝታ ነው። በበረዶ መሀል የሜፕል ዛፍ ስኳር ሲፈላ። ልብስ የሚታጠብበት ቀን። ለበዓል የቱርክ ዶሮ ሲባረር። ሴቶች ተሰብስበው ብርድ ልብስ ሲሰፉ። ትራክተርና የስልክ እንጨት ሆን ብለው ይተዋሉ። አንዳንድ ሐያስያን ይህን እንደ የዋህነት፣ እንደ ጣፋጭ ማስመሰል አይተውታል። አልስማማም። ሥዕሎቹ በሰው የተሞሉ ናቸው። ሁሉም አንድ ነገር እየሠራ ነው፤ ልጆች በየቦታው ይሮጣሉ። አምስት ሕፃን የቀበረች እናት ሰሌዳዋን በሚሮጡ ልጆች ስትሞላ የዋህ ናት ማለት ለኔ አይዋጥልኝም። ሀዘን ሁልጊዜ በጥቁር አይሣልም። የጎደለውን ሰው መልሶ መሰብሰብም አንድ የሀዘን መንገድ ነው።

ሥዕሎቹ በመጀመሪያ ማንንም አላስደነቁም። ወይዘሮ ሞዘስ ወደ አውራጃው ትርዒት ማርማላታና ሥዕል ይዘው ሄዱ። ማርማላታው ተሸለመ። ሥዕሉ አልተሸለመም። እሳቸው ሁለቱንም ቀጠሉ።

የመድኃኒት ቤቱ መስኮትና ምራታቸው

በ1938 ሉዊስ ካልዶር የሚባል የኒውዮርክ ከተማ መሐንዲስ፣ ሥዕል የሚሰበስብ ሰው፣ በሁሲክ ፎልስ ከተማ ሲያልፍ በአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ሥዕሎቻቸውን አየ። ዋጋቸው ከ3 እስከ 5 ዶላር ነበር። ሁሉንም ገዛና ቤታቸውን አጠያይቆ ሄደ። ወይዘሮ ሞዘስ ቤት አልነበሩም። የተቀበለችው ምራታቸው ናት። ሌላ ሥዕል አለ ወይ ሲላት አሥር አለ አለችው፤ በማግሥቱ እንዲመጣ ቀጠሩ። አማት ሲመለሱ ሲቆጥሩ ዘጠኝ ብቻ ሆነ። የተባለው ቁጥር እንዳይጎድል ከሥዕሎቹ አንዱን ትልቅ ለሁለት ቆርጠው አሥር አደረጉት።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሰው የሚወደው የተቆረጠውን ሥዕል ነው። እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ምራቲቱ ላይ ነው። እርሻውን ከባሏ ጋር የምትይዘው እሷ ናት። የአማቷን ሥዕል ቁጥር ልታውቅ የሞከረችው እሷ ናት። የማታውቀውን የከተማ ሰው በር ላይ «የሉም» ብላ መመለስ ትችል ነበር። በዕድሜ የገፋ ሰው የሚወደውን ነገር የሚሠራው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ወጥ ቤቱን ስለያዘ ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ስሟም በታሪኩ ውስጥ አይጠራም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ቤተሰብ ካለ፣ እናት እንድትሥል ወይም አባት እንዲጽፍ የምትፈልጉ፣ ማን ምን እንደተሸከመ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። አንዷ ላይ ብቻ ከወደቀ አንዲት አስታማሚ በሌላ አስታማሚ ተተካች ማለት ነው።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው፤ በየቦታው የተጻፈ ነው። በ1939 የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልታወቁ ሠዓሊዎች ዐውደ ርዕይ ላይ ሦስት ሥዕላቸውን አሳየ። በ1940 ከቪየና በስደት የመጣው ኦቶ ካሊር በጋለሪው የመጀመሪያውን የብቻ ዐውደ ርዕያቸውን ከፈተ። በዚያው ዓመት በአንድ ትልቅ መደብር ሥዕሎቻቸው ሲታዩ ወይዘሮ ሞዘስ ራሳቸው የጋገሩትን ዳቦና ማርማላታቸውን ይዘው ኒውዮርክ መጡ። «ግራንድማ ሞዘስ» የሚለው ስም በጋዜጣ ታወቀ። በ1953 የታይም መጽሔት ሽፋን ሆኑ።

1949

ይህ ዓመት ለብቻው መታየት አለበት። በየካቲት ትንሹ ወንድ ልጃቸው ሞተ። እርሻውን ከሚስቱ ጋር ይይዝ የነበረው እሱ ነው። በግንቦት ደግሞ ወይዘሮ ሞዘስ ዋሽንግተን ሄደው ከፕሬዚዳንት ትሩማን እጅ ሽልማት ተቀበሉ። ፕሬዚዳንቱ ፒያኖ ተጫወቱላቸው። 88 ዓመታቸው ነበር። በሁለቱ መካከል ሦስት ወር ብቻ ነው ያለው።

በኛ ባህል ሦስት ወር ማለት ከሰማንያው ብዙም አይርቅም። ጥቁር ያልተወለቀበት ጊዜ ነው። «ልጇን ቀብራ ሽልማት ትቀበላለች?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ሁለቱ እንዲህ ጎን ለጎን መሄዳቸውን እንደ ትምህርት እወስደዋለሁ። በዚያ ዕድሜ ሀዘን እስኪያልፍ ከተጠበቀ የሚጠበቀው አያልቅም። ከ66 ዓመታቸው ጀምሮ ሲቆጠር ባል፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅ ቀብረዋል። ከሀዘን ነጻ የሆነ ጊዜ ቢጠብቁ ኖሮ አንድም ሥዕል አይኖርም ነበር። ማንም ሰው ግን ይህን በሌላ ሰው ላይ እንዳይጭን እለምናለሁ። ሀዘንተኛን «ተነሺ፣ ሥሪ፣ ይሻልሻል» ብሎ መገፋፋት ሌላ ነገር ነው። ወይዘሮ ሞዘስ የሄዱት በራሳቸው እግር ነው።

ይህ ጉዳይ የማይመልሰው

ሐቁን እንናገር። ወይዘሮ ሞዘስ ብርቱ ጤና ነበራቸው። መሬትና ቤት ነበራቸው። አብረዋቸው የሚኖሩ ልጆች ነበሩ። ልጃቸውን ሲያስታምሙ በሽተኛዋ አእምሮዋ ንቁ ነበር፤ ትጠይቃለች፣ ታያለች፣ ትወድዳለች።

የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው የሚያስታምም ግን አሥር ደቂቃ እንኳ ዓይኑን መንቀል ላይችል ይችላል። ምድጃ ክፍት ይቀራል፤ በር ይከፈትና ሰው ይጠፋል። ለእንዲህ ያለ ቤት «አልጋው አጠገብ ጥለፍ» ማለት ፌዝ ይሆናል። እዚያ የሚያስፈልገው የሚተካ ሰው ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ወንድም፣ እህት፣ የእድር ሰው፣ የሰንበት ጓደኛ። በአሜሪካና በአውሮፓ በአስታማሚነት ሙያ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ ቀኑን የሰው እናት ሲያነሱና ሲያስተኙ ውለው ማታ ወደ ገዛ በሽተኛቸው ይገባሉ። ለነሱ የጎደለው ፈጠራ አይደለም፤ እንቅልፍ ነው። መጀመሪያ እንቅልፉ ይገኝ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም አንድ ነገር እይዛለሁ። ቤተሰብ ስብሰባ ሲቀመጥ፣ እናትን ማን ይጠብቅ፣ መድኃኒቱን ማን ይግዛ፣ ሐኪም ቤት ማን ይውሰድ ተብሎ ሥራ ሲከፋፈል፣ የአስታማሚዋ የገዛ ነገር በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መዝሙር ልምምድ አላት፤ እሷን እገሌ ይተካል» ተብሎ በግልጽ ይነገር። ካልተነገረ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

በመጨረሻ ማን አስታመማቸው

በ1951 ወንዶች ልጆቻቸው ከአሮጌው ቤት ማዶ ፎቅም ደረጃም የሌለው ቤት ሠሩላቸው። 90 ዓመት ላለፈው ሰው ደረጃ አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ሴት ልጃቸው አብራ ገብታ ቤቱንና እናቷን ያዘች። ወይዘሮ ሞዘስም መሥራታቸውን ቀጠሉ። በ1958 ይህችው ልጃቸው ሞተች። 98 ዓመታቸው ነበር፤ ሌላ ልጅ ቀበሩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ፎረስትና ሚስቱ ገብተው ጦሯቸው። ፎረስት ራሱም ሠዓሊ ሆኗል። የሱ የልጅ ልጅ ዊል ሞዘስም በዚያው በኢግል ብሪጅ ሠዓሊ ነው። አያት ወጥ ቤት አካባቢ ሲቀቡ ያየ ልጅ ሥዕል የሩቅ ሰዎች ሥራ አይመስለውም።

በ1960 መቶ ዓመት ሲሞላቸው የኒውዮርክ ገዥ ሮክፌለር ልደታቸውን የግራንድማ ሞዘስ ቀን ብለው አወጁ። ከዚያ በኋላ ብቻ 25 ሥዕል ሠርተዋል። በሕይወታቸው በጠቅላላው ከ1500 በላይ።

በ1961 ክረምት ደከሙና ሁሲክ ፎልስ ወደሚገኝ የጤና ማዕከል ተወሰዱ። እዚያ እንዲሥሉ አልተፈቀደላቸውም፤ ራሳቸውን ያደክማሉ ተብሎ ነው። አንድ ቀን የሐኪሙን ማዳመጫ ደበቁ። ወደ ኢግል ብሪጅ ከመለሰኝ እመልስለታለሁ አሉ። አልተመለሱም። በ101 ዓመታቸው፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1961 እዚያው ሞቱ።

ሐኪሙን አልወቅስም። የመቶ ዓመት ልብ ምን ያህል እንደሚችል የሚያውቀው እሱ ነው። ቤተሰቡም የሚጨነቀው ለዕድሜያቸው ነው። በዚህ አንድ ውሳኔ ላይ ግን ከአስታማሚዎቻቸው ጋር አልስማማም። ሰባ ዓመት አልፏቸው ያነሱትን፣ ሦስት ትልልቅ ቀብር ያሻገራቸውን ሥራ ከእጃቸው ሲወስዱ ለደኅንነታቸው ተብሎ ነው። ደኅንነት ሲባል ግን እስትንፋስ ብቻ መቁጠር አይበቃም። ቢደክማቸውም በቀን ግማሽ ሰዓት ሰሌዳና ብሩሽ ሊሰጣቸው ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።